የመጨረሻው ሽቦ፦ ኧርዝና የኮምፒውተር ፍተሻ በጎንደር ቆላ

ሥራ ላይ ያለ የቢሮ ኮምፒውተር ሁሉ ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ያፈሳል። ይህ የብልሽት ምልክት ሳይሆን ከመሣሪያው አሠራር የሚመጣ ነው። በፌዝ ሽቦ ገብቶ በኑዩትራል መመለስ ካለበት ኮረንቲ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ በፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያዎች በኩል ወደ ብረቱ ኬዝ ይሻገራል፤ ከዚያም በሦስተኛው ሽቦ፣ በኧርዙ፣ ወርዶ መሬት ይገባል። ባለሙያዎች «ሊኬጅ» ይሉታል። ሦስተኛው ሽቦ ከተቆረጠ ወይም ከመጀመሪያውም ካልነበረ ኮረንቲው ኬዙ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መንገድ የሚሆነውም ቀድሞ የነካው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የቢሮ ኮምፒውተርን ለሊኬጅ የመፈተሽ ሥራ በመሠረቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያፈስና ያፈሰሰውን የሚቀበል መሬት መኖሩን። በጎንደር ቆላ ከተሞች፣ በሳንጃ፣ በገንዳ ውሃና በመተማ ዮሐንስ፣ ባሉ ቢሮዎች ዘንድ ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

መሬትን የኮረንቲ መንገድ ማድረግ ከመብራትም የቆየ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ጀርመናዊው ካርል አውጉስት ፎን ሽታይንሃይል ለቴሌግራፍ ሁለተኛ ሽቦ መዘርጋት እንደማያስፈልግ አሳየ፤ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ብረት ከተቀበረ መሬቱ ራሱ መመለሻ ሽቦ ይሆናል። ግኝቱ የሽቦውን ወጪ በግማሽ ስለቀነሰ ቴሌግራፍ በዓለም የተስፋፋው በአመዛኙ በባለ አንድ ሽቦ መስመር ነው። ኢትዮጵያም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መዝጊያ ዓመታት፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት ስትጀምር ወደዚሁ ዕውቀት ገባች። የቴሌግራፍ ሠራተኞች ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያ የሚቸገርበትን ነገር ያኔ ያውቁት ነበር። የተቀበረው ብረት ዙሪያው ሲደርቅ መልእክቱ ይደክማል፤ ስለዚህ ብረቱ እርጥበት የማይለየው ቦታ ይመረጥለታል፣ ካልሆነም ውሃ ይፈስስበታል።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ አገር ሲገባ ግን መሬት ተረሳ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ጄኔሬተር ሥራ ጀመረ። በኋላም በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት አመነጨ። ከጣሊያን ወረራ የቀረው ቋንቋ ዛሬም በአገሪቱ ሠራተኛ አፍ ላይ አለ፤ «ኮረንቲ»፣ «ላምባዲና»፣ «ስፒና» ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጎንደር እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያኖች የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፤ በፒያሳዋ ያሉት ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በዚያ ዘመን በየአገሩ የተለመደው የቤት መስመር በነጭ ሸክላ ላይ የሚጠማዘዝ ባለ ሁለት ሽቦ ነበር፤ አንዱ የሚያመጣ፣ አንዱ የሚመልስ። አምፖል ከዚህ በላይ አይፈልግም።

ከነፃነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን። ሕዝቡ እስካሁን «መብራት ኃይል» የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። የስሙ ቅደም ተከተል ራሱ ይናገራል፤ መብራት ይቀድማል፣ ኃይል ይከተላል። በዓባይ ፏፏቴ ላይ የተሠራው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ሲጀምር ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ነበር። ከዋናው መስመር የራቁ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ለብዙ ዓመታት በናፍጣ ጄኔሬተር ኖሩ። ጄኔሬተሩ ሲመሽ ይነሣል፣ ሌሊት ይተኛል። መብራቱ ለሻይ ቤት፣ ለመጠጥ ቤት፣ ለክሊኒክና ለጥቂት መኖሪያ ቤት ነበር። አምፖሉ ሁለት ሽቦ፣ ሬዲዮው ሁለት ሽቦ፣ በኋላ የመጣው ቴሌቪዥንም ባለ ሁለት እግር ስፒና። በእንዲህ ያለ ቤት ሦስተኛ ሽቦ መዘርጋት ገንዘብ መጣል ይመስል ነበርና ብዙ ሕንፃ ያለ እሱ ተሠራ። ይህ ልማድ በማንም ቸልተኝነት የተጀመረ አይደለም፤ የዘመኑ ዕቃ ስላልጠየቀ ነው። ችግሩ የመጣው ዕቃው ተለውጦ ግድግዳው ሳይለወጥ ሲቀር ነው።

በሌላው ዓለም ሦስተኛው ሽቦ ቀደም ብሎ ነበር የገባው። ጀርመናዊው አልበርት ቢውትነር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ሶኬት በሁለቱ ክብ ቀዳዳዎች አጠገብ፣ በጎንና ጎን፣ ሁለት የብረት ምላስ አለው፤ ስፒናው ሲገባ ከፌዙ በፊት ኧርዙ ይገናኛል። ኢትዮጵያ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ የምትሠራና ክብ እግር ስፒና የምትጠቀም አገር በመሆኗ ይህ ሶኬት በገበያዋ አለ። ነገር ግን ከጎኑ ምላስ የሌለው፣ ለሁለት ክብ እግር ብቻ የተቀዳደደው ልሙጥ ሶኬትም አለ፤ ያው ስፒና በሁለቱም ይገባል። ኮምፒውተሩ በሁለቱም ይነሣል። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ሲለካ ወይም ሲነዝር ነው።

ኮምፒውተር ለምን ያፈሳል? ነገሩ የጀመረው ከባዱ ትራንስፎርመር በቀላሉ ፓወር ሰፕላይ ሲተካ ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ኮረንቲውን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ የሚሰጥ ሆነ። ይህ ዓይነቱ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሬዲዮ የሚረብሽ ጫጫታ ያወጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ለኮምፒውተሮች የጫጫታ ገደብ ደነገገ፤ በ1985 ደግሞ ሲስፕር 22 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ወጣ። አምራቾች ገደቡን ለማሟላት በፌዝና በኬዙ መካከል፣ በኑዩትራልና በኬዙ መካከልም ትንንሽ ካፓሲተሮች ጨመሩ። ካፓሲተር ደግሞ ለተለዋዋጭ ኮረንቲ የተዘጋ በር አይደለም፤ ያሾልካል። የሬዲዮውን አየር ለመጠበቅ የገባው ክፍል የሰውን እጅ የሚነዝረው ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ልኩን ማስላት ከባድ አይደለም። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከፌዝ ወደ ኬዝ ያለው ካፓሲተር 4.7 ናኖፋራድ ቢሆን በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚያሾልከው 0.32 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ለመረጃ ቴክኖሎጂ ዕቃዎች ባወጣው ደረጃ 60950 መሠረት በስፒና ለሚሰካ ባለ ኧርዝ ዕቃ የተፈቀደው ጣሪያ 3.5 ሚሊአምፔር ሲሆን ኧርዝ ለማያስፈልገው፣ በድርብ ሽፋን ለተሠራ ዕቃ ደግሞ 0.25 ሚሊአምፔር ነበር። አንዱ ኮምፒውተር እንግዲህ ከጣሪያው በእጅጉ ይርቃል። ግን ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ብቻውን አይቀመጥም። ስምንት ኮምፒውተሮች በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር ተቀጥሎ ከአንድ ሶኬት ቢሰኩ ኧርዛቸው አንድ ላይ ይታሰርና ድምሩ 2.6 ሚሊአምፔር ይደርሳል። የግድግዳው ኧርዝ የተቆረጠ ከሆነ የስምንቱም ፍሳሽ የሚጠብቀው አንዱን ኬዝ የነካውን ሰው ነው።

ይህ ቁጥር ለሰው አካል ምን ማለት እንደሆነ የታወቀው በብዙ ሙከራ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዳልዚል ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈቃደኞች ላይ ባደረገው ጥናት ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ኃይል መልቀቅ የሚያቅተው በየትኛው ልክ እንደሆነ ለየ፤ አማካዩ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፔር ሆነ። በአማርኛ «ኮረንቲ ያዘው» እና «ኮረንቲ ነዘረው» የሚሉት ሁለት አባባሎች ይህንኑ ድንበር ይለያሉ፤ የነዘረው ያስደነግጣል፣ የያዘው አይለቅም። የጤነኛ ኮምፒውተር ሊኬጅ በነዘረው ወገን ይቀራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ንዝረቱን ይለምደዋል፤ «ይቺ ማሽን ትነዝራለች» ብሎ በጎማ ጫማ ይነካታል፤ አንድ ቀን የፓወር ሰፕላዩ ሽፋን ሲበላሽ ወይም የገመዱ ጎማ ጠረጴዛ ሥር ተጨፍልቆ ፌዙ ኬዙን ሲነካ ግን የሚመጣው ያው የለመደው ንዝረት አይደለም። በመተማ ሙቀት፣ ላብ ባረጠበው እጅ፣ ቆዳው የሚሰጠው መከላከያ እጅግ ይቀንሳል።

መከላከያውን በማሽን የማድረግ ሐሳብ በአፍሪካ ምድርም አድጓል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሩቢን በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች ለሚሠሩ ሰዎች የመሬት ፍሳሽን ለይቶ የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ፤ እያሻሻለውም ሰው ሳይሞት የሚቆርጥ ትብነት ላይ አደረሰው። ዳልዚል በ1960ዎቹ መግቢያ በአሜሪካ ተመሳሳዩን ሠራ። ዛሬ በየሕንፃው ሳጥን የሚገባው የ30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከር የእነዚህ ሥራዎች ዘር ነው። በፌዝ የወጣውንና በኑዩትራል የተመለሰውን ያወዳድራል፤ ልዩነቱ ከልኩ ካለፈ በቅጽበት ይቆርጣል።

ኮምፒውተር ወደ ጎንደር ቆላ ወረዳዎች በብዛት የገባው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የበጀትና የወጪ ሒሳብ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መሻገር ጀመረ። በዚያው አሥርት ዓመት ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ከ600 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት ሳህን ለማገናኘት ተነሣ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የሳተላይት ትምህርት የሚቀበሉበት ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለላቸው። መብራት ያልደረሰበት ትምህርት ቤት በጄኔሬተር ሠራ። ዕቃው የመጣው ቀድሞ ለአምፖል ብቻ ተሠርቶ ወደ ነበረ ሕንፃ ነው። የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ላይ ሁለት ሽቦ፣ አንድ ሶኬት፣ ከሶኬቱ አንድ ዲቫይደር፣ ከዲቫይደሩ ዩፒኤስ፣ ፕሪንተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሞደም።

የዕቃው ምንጭ መብዛቱ ነገሩን አከበደው። ከዱባይ የገባ ኮምፒውተር ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ስፒና ይዞ ይመጣል። ከሱዳን በኩል የሚመጣ ዕቃ ደግሞ የዚያን አገር ልማድ ይከተላል፤ በገዳሪፍና በመተማ መካከል ያለው ገበያ የቆየ ነውና የስፒና ዓይነትም ድንበር ተሻግሯል። እነዚህን ከክብ ቀዳዳ ጋር የሚያስታርቀው ርካሹ አዳፕተር ብዙ ጊዜ ሁለት እግር ብቻ ያለው ነው፤ ሦስተኛው እግር አዳፕተሩ ውስጥ ገብቶ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ስፒናውን ቆርጦ በሌላ መተካትም የተለመደ ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር ይታሰራል። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከእንግሊዝ ሲመጡ ገመዳቸው ላይ ቀን የተጻፈባት ትንሽ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፋ የምትገኝበት ጊዜ አለ። ያቺ ወረቀት ዕቃው ለሊኬጅ ተፈትሾ ማለፉን የምትመሰክር ናት። ምስክርነቷ ግን ከነገመዱና ከነስፒናው ለነበረው ዕቃ ነው፤ ስፒናው በተቆረጠ ዕለት ዋጋዋ ያበቃል።

የዚያች ወረቀት ታሪክ የፍተሻው ሙያ ታሪክ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1989 በሥራ ቦታ የኤሌክትሪክ ደንብ ስታወጣ አሠሪዎች ዕቃዎቻቸው አደጋ እንዳያደርሱ መጠበቅ ግዴታቸው ሆነ፤ በ1994 ደግሞ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የዕቃ ፍተሻ መመሪያ አሳተመ። ጀርመን ከዚያም በፊት የራሷ ደንብ ነበራት። በመጀመሪያ ፍተሻው የተቀዳው ከፋብሪካ ማሽን ልማድ ነው፤ ኧርዙ መያዙን ለማረጋገጥ 25 አምፔር በሽቦው ይለቀቃል፣ የሽፋኑን ጥንካሬ ለማወቅ 500 ቮልት ይጫናል። ለመፍጫና ለብየዳ ማሽን የተስማማው ለኮምፒውተር አልተስማማም። 25 አምፔሩ ሞኒተርን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው የዳታ ገመድ ሽፋን በኩል መንገድ አግኝቶ ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። 500 ቮልቱ ደግሞ የቮልቴጅ መከላከያውን ክፍል ስለሚቀሰቅስ ደኅናውን ዕቃ የተበላሸ ያስመስለዋል። ስለዚህ ለቢሮ ዕቃ ለስለስ ያለ ዘዴ መጣ፤ ኧርዙ ከ200 ሚሊአምፔር ባልበለጠ ኮረንቲ ይፈተሻል፣ በ500 ቮልቱ ፈንታም ዕቃው ሥራ ላይ እያለ የሚያፈሰው በቀጥታ ይለካል። የኮምፒውተር ሊኬጅ ልኬት ራሱን የቻለ ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያው ሰውን እንዲወክል ተደርጎ ተሠርቷል። ዓለም አቀፉ ደረጃ 60990 የሰውን አካል በ1500 ኦም ሬዚስተር፣ ከጎኑ በታሰረ 0.22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ተከትሎት ባለ 500 ኦም ሬዚስተር ይተካዋል። ከኬዙ ወደ መሬት በዚህ ሰው ሠራሽ አካል በኩል የሚያልፈው ኮረንቲ ንክኪ ኮረንቲ ይባላል። ለዕለት ሥራ ግን የሚበዛው ክላምፕ ሜትር ነው፤ ሽቦ ሳይቆረጥ በመንጋጋው ይይዝና ሚሊአምፔሩን ያነብባል። ፌዝና ኑዩትራሉ አብረው በመንጋጋው ከገቡ የሚሄደውና የሚመለሰው ይጣፋና ልዩነቱ፣ ማለትም ወደ መሬት የፈሰሰው ብቻ፣ ይቀራል። ኧርዙ ብቻውን ከተያዘ ደግሞ በእሱ የሚወርደው ይነበባል።

በዚህ ላይ የቆላውን ቢሮ የሚመለከት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ክላምፕ ሜትሩ በኧርዙ ላይ ዜሮ ሲያሳይ ላላወቀ ሰው የምሥራች ይመስላል። ኮምፒውተር ግን ማፍሰስ አለበት። ስምንት ማሽን የተሰካበት ዲቫይደር ኧርዝ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊአምፔር ከተነበበ መሬቱ አለ፣ ሥራውንም እየሠራ ነው። ዜሮ ከተነበበ ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ ፍሳሹ ኬዝ ላይ ታስሮ ቆሟል። ይህን ለማረጋገጥ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ቴስተር ኬዙ ላይ ሲነካ አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ ይበራል። መልቲሜትር በኬዙና በኑዩትራሉ መካከል ሲገባ ወደ 110 ቮልት ያነብባል፤ ሁለቱ ካፓሲተሮች 220 ቮልቱን እኩል ስለሚካፈሉት ነው። በቢሮ ፍተሻ ከዚህ ቁጥር ጋር መገናኘት ያልተለመደ አይደለም።

አንዳንድ ሠራተኛ ይህን የሚፈታው በአቋራጭ ነው፤ በሶኬቱ ውስጥ ኑዩትራሉን ከኧርዙ ምላስ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኛል። ንዝረቱ ወዲያው ይጠፋል፣ ቴስተሩም አይበራም፣ ደንበኛውም ያመሰግናል። በሙያው ውስጥ ከዚህ የከፋ ሥራ የለም። ምሰሶው ላይ ኑዩትራሉ ቢበጠስ ወይም በጥገና ጊዜ ፌዝና ኑዩትራል ቢቀያየሩ በቢሮው ያለው ብረት ሁሉ፣ ኮምፒውተሩ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ገመድ የነካው የፋይል ካዝና ጭምር፣ በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ይሸከማል። ሞካሪው ሶኬት ከፍቶ ማየት ያለበት ለዚህ ነው፤ በውጭ የሚደረግ ልኬት ይህን አቋራጭ ደኅና ኧርዝ አድርጎ ያሳየዋል።

እውነተኛው ኧርዝ የሚገኘው በግቢው አፈር ውስጥ የመዳብ ዘንግ በመቅበር ነው፤ የጎንደር ቆላ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በመተማና በአርማጭሆ ሜዳዎች ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ዋልካ ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን የሚገመተው ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከብት እግር የሚሰብር፣ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር የሚያልፍ ይሆናል። በክረምት ከዋልካ የተሻለ ኮረንቲ የሚቀበል አፈር ማግኘት ያስቸግራል። እርጥብ ጭቃው ብረቱን አጥብቆ ይይዛል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲመጣ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያው አፈር ከብረቱ ይሸሻል፤ በመዳብ ዘንጉና በአፈሩ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል፣ ዘንጉም በአየር ተከብቦ ይቆማል። በነሐሴ የተለካ ኧርዝ ስለ ሚያዝያ አይመሰክርም።

ልዩነቱን ቁጥር ያሳየዋል። 2.4 ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ተከላካይነቱ 30 ኦም ሜትር በሆነ እርጥብ ሸክላ ውስጥ ሲቀበር ወደ 12 ኦም ይሰጣል። አፈሩ አሥር እጥፍ ቢከላከል 121 ኦም ይሆናል። በ12 ኦም እንኳ ፌዝ ኬዙን ቢነካ የሚፈሰው 18 አምፔር ገደማ ነው፤ የ16 አምፔር ብሬከር በዚህ ቶሎ አይወርድም። በ121 ኦም ደግሞ 1.8 አምፔር ብቻ ስለሚሆን ብሬከሩ ከነአካቴው አያውቀውም። ዘንግ ብቻውን ሰው አያድንም የሚባለው ለዚህ ነው። ሊኬጅ ብሬከሩ ግን 30 ሚሊአምፔር ስለሚበቃው በደረቅ ዋልካ እንኳ ይቆርጣል። በዚህ አገር ሁለቱ አብረው መኖር አለባቸው።

ዘንጉን ለመርዳት በኢትዮጵያ የተለመደው ዘዴ ከሰልና ጨው ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በዘንጉ ዙሪያ ከሰልና ጨው ተደራርቦ ይሞላል፣ ውሃ ይጠጣል። ከሰሉ እርጥበት ይይዛል፣ ጨውም የአፈሩን ተከላካይነት ያወርዳል። ዘዴው ይሠራል፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ጨውን ያጥበዋል፣ የቀረውም ብረቱን ይበላል። የሚበረክተው ዘንጉን ከስንጥቁ በታች፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ካለበት ጥልቀት ማድረስ፣ ወይም ሁለትና ሦስት ዘንግ አራርቆ በመዳብ ሽቦ ማሰር ነው። መታጠቢያ ወይም የቧንቧ ፍሳሽ የሚወርድበት ጥግ መምረጥም ብልህነት ነው፤ የቴሌግራፍ ሠራተኞችም የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ቦታ ነበር።

የመሬቱ ልኬት ከኮምፒውተሩ ልኬት ይቀድማል። ዘንጉ ከመስመሩ ይለያል፤ ከእሱ 30 ሜትር ርቆ አንድ ካስማ፣ በመካከል 18.6 ሜትር ላይ ሌላ ካስማ ይተከላል። በሩቁ ካስማ ኮረንቲ ይላካል፣ በመካከለኛው ቮልቴጁ ይነበባል። ርቀቱ 62 ከመቶ የሆነው የሁለቱ ብረቶች ተጽዕኖ እዚያ ላይ ስለሚጣፋ ነው። ኢትዮጵያውያን ኤሌክትሪሺያኖች የዚህን ቤተሰብ መሣሪያዎች «ሜገር» ይሏቸዋል፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1903 ከተመዘገበው የእንግሊዙ የኤቨርሼድ ድርጅት ምልክት የመጣ ነው። በደረቁ ወራት ካስማው ራሱ በተሰነጠቀው ዋልካ አይያዝም፤ ሥሩ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ይፈስስና ጥቂት ተጠብቆ ይለካል። ውሃው የሚፈስሰው በካስማዎቹ ላይ ብቻ ነው። በሚለካው ዘንግ ላይ ማፍሰስ ቁጥሩን ያሳምራል እንጂ የቢሮውን እውነት አይናገርም።

ኃይሉ ራሱ በዚህ ጊዜ ውስጥ በብዙ አድጓል። ሁለተኛው ጢስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም.፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከጎንደር በሸኽዲ በኩል መተማን አልፎ ገዳሪፍ የሚደርሰው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በኅዳር 2006 ዓ.ም. ተመርቆ ለሱዳን ኃይል መሸጥ ተጀመረ። የ1881 ዓ.ም. ጦርነት ሜዳና የዓፄ ዮሐንስ አራተኛ መውደቂያ የሆነው መተማ የሁለት አገር ኃይል የሚገናኝበት ሆነ። በቆላው ሰማይ ላይ የሚያልፈው ይህ መስመር በየምሰሶው እግር ኧርዝ አለው፤ ከሥሩ ባለው ቢሮ ሶኬት ውስጥ ግን ኧርዝ ላይኖር ይችላል።

ሕጉም ባዶ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ አሥረኛ ክፍል ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር በ1987 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 86/1989 የኤሌክትሪክ ኤጀንሲን ሲያቋቁም፣ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሥራውን ለኢነርጂ ባለሥልጣን አስተላለፈ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ የሚጠየቀው በዚህ ሥርዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዛል። የዕቃው ደረጃ የደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ የላቦራቶሪ ፍተሻው የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ሥራ ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ግን የሕንፃ ኤሌክትሪክ አንድ ሙያ፣ የኮምፒውተር ሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና ሌላ ሙያ ሆኖ ይሰጣል። ኧርዙ በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ የኮምፒውተሩ ባለሙያ ግድግዳው የእሱ እንዳልሆነ፣ የመብራቱ ባለሙያም ዲቫይደሩ የእሱ እንዳልሆነ ያያል። በአንድ ቢሮ ሁለቱ አብረው ቢቆሙ ሙሉ ፍተሻው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በሳንጃ ዓይነት ቢሮ ሥራው የሚጀምረው በዓይንና በእጅ ነው። ገመዱ ከስፒናው እስከ ኬዙ ይዳሰሳል፣ የተጨፈለቀ፣ አይጥ የበላው፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ካለ ይወጣል፤ ሁለት እግር አዳፕተር ይወገዳል። ቀጥሎ ሶኬቱ ተከፍቶ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ መኖሩና ከኑዩትራል ጋር አለመታሰሩ ይታያል። ከዚያ ዘንጉ ይለካል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ተነሥቶ እየሠራ በክላምፕ ይነበባል፣ በመጨረሻም ሁሉም አብረው። የአንድ መስመር ድምር ከ9 ሚሊአምፔር በላይ ከሄደ፣ ማለትም የሊኬጅ ብሬከሩን ልክ 30 ከመቶ ካለፈ፣ ማሽኖቹ ለሁለት መስመር ይከፈላሉ፤ አለዚያ ብሬከሩ ያለ ጥፋት እየወረደ ሠራተኛውን ያሰለቸዋል፣ የሰለቸ ሠራተኛም ብሬከሩን ያስወልቀዋል። የሊኬጅ ብሬከሩ መፈተኛ ቁልፍ ተጭኖ መቁረጡ ይታያል። መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን ሚሊአምፔሩ፣ ለዘንጉ ኦሙ፣ አጠገቡም የተለካበት ወርና የአፈሩ ሁኔታ ይጻፋል፤ አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ በሚያዝያ።